የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «አክሰንትሽ ከባድ ነው» ሲባል

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። የቡድን መሪነት ቦታ ሲከፈት አመለከትኩ። ሱፐርቫይዘሬ «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ አክሰንትሽ ግን ከባድ ስለሆነ ቤተሰቦች አይረዱሽም» አለችኝና ቦታው ከእኔ በኋላ ለተቀጠረች ነጭ ተሰጠ። በግምገማዎቼ ላይ ስለ እንግሊዝኛዬ አንድም ቅሬታ ሰፍሮ አያውቅም። ይህ በሕግ ያስጠይቃል ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አይበሉ። በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ 7ኛ ክፍል፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘርም ሆነ በትውልድ አገር አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። አክሰንት ደግሞ ከትውልድ አገር ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ቀጣሪ በአክሰንት ሰበብ ዕድገት መከልከል የሚችለው አነጋገሩ ያንን ሥራ በተጨባጭ የሚያደናቅፍ ከሆነ ብቻ ነው። «ለጆሮ አይመችም» ወይም «ደንበኞች ላይወዱት ይችላሉ» ማለት አይበቃም።

ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ቢያውቁ ይጠቅምዎታል፤ ሁለቱም ከሳሾች የፊሊፒንስ ተወላጆች ናቸው። ዶናሲያኖ ካሪኖ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነበር። ከኃላፊነቱ ሲነሳ ከሰሰ፤ አክሰንቱ ሥራውን እንዳላደናቀፈ ታይቶ በ1984 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ማኑኤል ፍራጋንቴ ግን በሆኖሉሉ የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት ከተፈተኑ 721 ሰዎች አንደኛ ወጥቶ ሳለ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ በአክሰንቱ ምክንያት ወደቀ። በ1989 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሥራው ከሕዝብ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል ብሎ ፈረደበት። በእኛ እምነት ይህ ትክክል አልነበረም፤ ሰውየውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ የሞከረው የለም። ቢሆንም የቀጣሪ ጠበቆች እስካሁን ይጠቅሱታል። የእርስዎም ሥራ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ስላለበት ይህንኑ ያነሱብዎታል፤ ስለዚህ ማስረጃዎ ሰዎች በየቀኑ እንደሚረዱዎት የሚያሳይ መሆን አለበት።

ዛሬውኑ የተባሉትን ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ ጭምር። በአማርኛ ብቻ ከጻፉት ከወራት በኋላ ሲተረጎም ቃሏ ይለወጣል፤ ክርክሩም የሚቆመው በቃሏ ላይ ነው። ቀጥሎ ለሱፐርቫይዘርዎ አጭርና ጨዋ ኢሜይል ይላኩ፦ በዚህ ቀን እንዲህ ብለውኛል፤ በንግግሬ ምክንያት ያልተግባባሁት ማንን ነው፣ መቼ፣ በምን ጉዳይ? በማለት። ምሳሌ ካላት ትጽፋለች፤ ከሌላት ዝምታዋም ማስረጃ ነው። የግምገማዎችዎን ቅጂ፣ ከቤተሰቦች የደረሱዎትን የምስጋና ካርዶችና አዲስ ሠራተኛ አሠልጥነው ከሆነ እሱን የሚያሳይ የሺፍት ሠሌዳ ቤትዎ ያስቀምጡ። የታካሚ ፋይል ግን ፎቶም አያንሱ፣ ወደ ራስዎ ኢሜይልም አይላኩ። ብዙ ጥሩ አቤቱታ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የታካሚን ምስጢር አወጣች ተብሎ ለመባረር ሕጋዊ ምክንያት ይሆናል።

አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው። ሜሪላንድ የራሷ የመብት ኮሚሽን ስላላት ጊዜው 300 ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት በሌለበት ግዛት 180 ቀን ብቻ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን አማካሪ ማግኘት ይኖርብዎታል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረዎት ዕለት ጀምሮ ነው። በድርጅቱ ውስጥ ለሰው ኃይል ክፍል ቅሬታ ማቅረብዎ ቆጠራውን አያቆመውም፤ «መልስ እስኪሰጡኝ» እያሉ ቀኑ ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። ሌላው የተለመደ ስህተት በኢንተርኔት የሚሞላውን የመጀመሪያ መጠይቅ ክስ አድርጎ መቁጠር ነው። መጠይቁ ክስ አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ ተደርጎ፣ የክሱ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሲፈርሙበት ነው ክስ የሚሆነው። ኮሚሽኑ በ10 ቀን ውስጥ ለቀጣሪዎ ያሳውቃል። በመክሰስዎ ቢበቀልዎት በቀሉ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። ሽምግልና ቢቀርብልዎ በነፃ ነው፤ አለመቀበልም ይችላሉ። ፍርድ ቤት መሄድ የሚያስችልዎ ደብዳቤ ሲደርስዎ ደግሞ 90 ቀን ብቻ አለዎት፤ ጠበቃ የሚፈለገው ግን ያኔ ሳይሆን አሁን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ከሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ጋር ውሎ «ሺ ቢ ወርኪንግ» እያለ ይመጣል። አባቱ «ይህ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው፤ ለዚህ ነው እዚህ ያመጣንህ?» እያለ ይቆጣዋል። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ የንግግር ችግር እንዳለበት ላስመርምረው ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቱ በመጀመሪያ ይህን ይወቁ፦ ልጁ የሚናገረው ሥርዓት ያለው እንግሊዝኛ ነው። «ሺ ቢ ወርኪንግ» ማለት ሴትዮዋ ዘወትር ትሠራለች ማለት ነው እንጂ አሁን እየሠራች ነው ማለት አይደለም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ጃኒስ ጃክሰን ይህንን በልጆች አሳይታለች። ኩኪ በመውደድ የሚታወቀው «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም አሻንጉሊት፣ ኩኪ ሞንስተር፣ ታሞ ተኝቷል፤ አጠገቡ ኤልሞ ኩኪ ይበላል። «ሁ ቢ ኢቲንግ ኩኪስ?» ተብለው ሲጠየቁ ጥቁር ልጆቹ ወደ ታማሚው ኩኪ ሞንስተር ጠቆሙ፤ ዘወትር የሚበላው እሱ ነውና። ነጮቹ ልጆች ልዩነቱን ሳይዙ ኤልሞን አሉ። ደንቡን የሚያውቁት ጥቁሮቹ ነበሩ።

ይህንን አነጋገር አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። በ2012 ፍሎሪዳ ውስጥ የተገደለው የጥቁር ወጣቱ የትሬይቮን ማርቲን ጉዳይ በ2013 ለችሎት ሲቀርብ ዋናዋ ምስክር ሬቸል ጃንቴል ነበረች፤ የሄይቲ ስደተኛ ልጅ፣ ሟቹ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በስልክ ያናገራት። ለሰዓታት መሰከረች። ከችሎቱ በኋላ አንዲት የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) አባል ንግግሯን ለመረዳት እንደከበዳት ተናገረች፤ ነገሩን ያጠኑት ጆን ሪክፎርድና ሻሪስ ኪንግ ጉባኤው ለብይን ሲወያይ ምስክርነቷ እንዳልተነሳ ጽፈዋል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የፊላደልፊያ ፍርድ ቤት ቃል መዝጋቢዎችን ፈተነ። ለሙያ ፈቃዳቸው 95 በመቶ ትክክል መሆን ይጠበቅባቸዋል፤ የጥቁር አሜሪካውያንን ንግግር ሲጽፉ ግን ከ100 ዓረፍተ ነገር ሳይሳሳቱ የጻፉት 60 ያህሉን ነው። ልጅዎ አዲስ አበባ የተወለዱ ወላጆች ስላሉት ከዚህ አይድንም። ፖሊስም ሆነ ዳኛ የሚያየውና የሚሰማው ጥቁር ልጅ ነው፤ ቤት ውስጥ የምንጥልበት ንቀት ውጭ ከሚጠብቀው ንቀት ጋር ይደመራል።

የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ግን መማር አለበት፤ ፈተናውም ማመልከቻውም በሱ ነውና። የሚሠራው መንገድ ማነጻጸር ነው። ወረቀቱን ለሁለት ይከፍሉና በግራ ከጓደኞቹ ጋር የሚለውን፣ በቀኝ ለትምህርት ቤት የሚጽፈውን ያስጽፉት። ዓረፍተ ነገሩ ከራሱ የቤት ሥራ ይሁን። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ «ሺ ወርክስ» ላይ ያለችውን የመጨረሻ «ስ»፣ ቀጥሎ የሚቀረውን «ኢዝ»፣ ከዚያ «ወዝ» እና «ወር»። ሁሉንም በአንድ ምሽት ሲያርሙት ልጁ ማውራቱን ያቆማል። ሲጽፍ እንጂ ሲያወራ አያቋርጡት።

ስለ ምርመራው፦ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፈተናው የአነጋገር ልዩነትን ከንግግር ሕመም የሚለየው እንዴት ነው? ልጁስ በአማርኛ ይፈተናል? እውነተኛ የንግግር ችግር ያለበት ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ይቸገራል። በአማርኛ አቀላጥፎ የሚያወራ ከሆነ ይህንኑ ጽፈው ይስጡ። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር ከ1983 ጀምሮ የትኛውም የእንግሊዝኛ ዘዬ ሕመም አይደለም የሚል አቋም አለው። በ1979 አን አርበር፣ ሚሺጋን የዋለ ችሎትም ትምህርት ቤቱ መምህራኑ የጥቁር ልጆችን የቤት አነጋገር ለይተው እንዲያውቁ እንዲያደርግ አዝዟል። በስብሰባው ላይ ለእርስዎ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለኪራይ የወጣ አፓርትመንት ላይ ደውዬ «ተይዟል» ተባልኩ። ነጭ የሥራ ባልደረባዬ በማግስቱ ደውሎ «ኑና እዩት» አሉት።

መልስ፦ ተመራማሪው ጆን ባው ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአከራዮች በሦስት ዓይነት አነጋገር እየደወለ ሰው በአነጋገሩ ብቻ እንደሚመለስ አሳይቷል፤ በ1999 በታተመው ጥናት መሠረት ሰዎች «ሄሎ» የምትለዋን አንድ ቃል ብቻ ሰምተው የተናጋሪውን ወገን ከ10 ጊዜ 7ቱን ያህል ይለያሉ። የእርስዎ ችግር «በማግስቱ» የምትለዋ ቃል ናት፤ አከራዩ «ማታ ተለቀቀ» ሊል ይችላል። እንደገና ይሞክሩ። መጀመሪያ በቴክስት ወይም በኢሜይል ቤቱ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ይደውሉ፣ ባልደረባዎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደውል። ሁለታችሁም ያንኑ የመኝታ ክፍል ብዛት፣ የመግቢያ ቀንና ገቢ ጥቀሱ፤ የተባላችሁትንም ሳትነጋገሩ ለየብቻ ጻፉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የራስዎን ስልክ ንግግር መቅዳት ይፈቀዳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ያለሌላው ወገን ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው፤ ድንበሩን ተሻግረው እንዳይሳሳቱ። በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ አቤቱታ ለፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር በ1 ዓመት፣ ክስ ለፍርድ ቤት በ2 ዓመት ይቀርባል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት እስከ 4 ቤት ያለው ሕንፃ ከዚህ ሕግ በአብዛኛው ነፃ ነው፤ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የ1866ቱ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም።

ጥያቄ፦ አክሰንት ለማጥፋት ኮርስ ልግባ?

መልስ፦ ለማጥፋት ከሆነ አይግቡ። በ1992 ዶናልድ ሩቢን ለተማሪዎች አንድ የተቀዳ ትምህርት አሰማ፤ ተናጋሪዋ አሜሪካዊት ነበረች። ለአንዱ ቡድን የነጭ፣ ለሌላው የእስያዊት ፎቶ አሳየ። የእስያዊቷን ፎቶ ያዩት አክሰንት ሰማን አሉ፤ ከትምህርቱም ያነሰ ያዙ። ይህንን በእርስዎ ምላስ ማስተካከል አይቻልም። መልእክት የሚያሳስቱትን ጥቂት ነገሮች ግን ማስተካከል ይቻላል። አማርኛ ተናጋሪ ክፍለ ቃላቱን ሁሉ እኩል ስለሚረግጥ «ሰርቲን» (13) እና «ሰርቲ» (30) ይምታታሉ፤ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው 15ን እና 50ን «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዚሮ» ብሎ ይድገም፤ የአገሩ ተወላጅ ነርሶችም ይህንኑ እንዲያደርጉ ይመከራሉ። «ስትሪት»ን «ሲትሪት» ማለትና በቃል መጨረሻ ያለውን «ድ» መዋጥ ይከተላሉ። በሥራዎ በብዛት የሚሉትን 10 ቃል መርጠው በስልክ ይቅዱ፤ አማርኛ የማይችል ሰው ሰምቶ ይጻፈው። በትክክል የጻፈውን ይተዉት፣ የተሳሳተውን ብቻ ይለማመዱ።

ጥያቄ፦ አለቃችን በምሳ ሰዓትም አማርኛ እንዳናወራ ከለከለን። ይችላል?

መልስ፦ የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ደንብ በሥራ ቦታ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ትእዛዝን አድልዎ ነው ብሎ ይገምታል። በተወሰነ ጊዜና ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ለደኅንነት፣ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔም ደንቡንና የቅጣቱን መጠን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሁሉም ፍርድ ቤት ይህንን ደንብ አይከተልም፤ ሁለት ቋንቋ በሚችሉ ሠራተኞች ላይ የተፈረደበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ስፓኒሽ የሚያወሩትም ተከልክለው እንደሆነ መዝግቡ፣ ማስጠንቀቂያ ሲደርሳችሁም አትፈርሙ ሳይሆን «አልስማማም» ብላችሁ ጽፋችሁበት ፈርሙ፤ ቅጂውንም ያዙ።