ሊጡ ኩፍ እስኪል

ውድ ልጆቼ፣

በምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ ረጅም ዘመን ያገለገልሁ በመሆኔ፣ ገና ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች የትኛው ትምህርት ይበልጥ እንደጠቀመኝ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ከዩኒቨርሲቲው መምህሮቼ ሁሉ በፊት ያስተማረችኝ ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ ናት፤ ያስተማረችኝም ድፎ ዳቦ መጋገር ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሊጡም እንደ ሰው ይኮራመታል። አያቴ የስንዴውን ዱቄት ነፍታ፣ ካለፈው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ለብ ባለ ውኃ በጥብጣ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ጨምራ ስታቦካ ከማቡኪያው አጠገብ አልጠፋም ነበር። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ስጠይቃት «ሲደርስ እሱ ራሱ ይነግርሻል» ትለኛለች። ከዚያም ጣቴን ሊጡ ላይ ጫን እንዳደርግ ታዘኛለች፤ ጎድጓዳው ወዲያው ከሞላ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጨርሶ ካልተመለሰና ሽታው ከኮመጠጠ ግን አልፎበታል። ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፋ ሊጡን ከገለበጠች በኋላ በኮባ ሸፍና ትከድነዋለች፣ ከክዳኑም ላይ ፍም ታደርጋለች። (ኮባው ለመዓዛ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እርጥበቱን ይዞ ዳቦው ከምጣዱ እንዳይጣበቅም ያደርጋል።) መብሰሉን የምታውቀው ቅርፊቱን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን በመስማት ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ኋላ ነው። እርሾው ስኳሩን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ግሉተን የሚባለው፣ ሊጡን የሚያለጥጠው የስንዴው ፕሮቲን ደግሞ ጋዙን አፍኖ ስለሚይዘው ሊጡ ኩፍ ይላል። ብርድ ይህን ሥራ ያዘገየዋል፤ በደጋ የአየሩ ግፊት ዝቅ ማለቱ በአንጻሩ ጋዙ በቀላሉ እንዲስፋፋ ያደርገዋል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ፣ ሌላ አገር ተሠርቶ የመጣ የሰዓት ልክ ለደብረ ብርሃን ሊጥ አይሆንም። ለሥራ ድሬዳዋ በሄድሁ ጊዜም፣ እኛ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ የነበረው ሊጥ እዚያ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሞልቶ ከማቡኪያው ሊወጣ ይደርስ ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ የአሠራር መመሪያችሁን ጣሉት ለማለት አይደለም፤ መመሪያ የሌለው ላቦራቶሪ የማንንም ጤና አይጠብቅም። የሚያሳስበኝ፣ መሣሪያው ቁጥር ከሰጣቸው በኋላ ናሙናውን ቀና ብለው የማያዩ፣ ቀለሙ መለወጡን ወይም ሽታው እንግዳ መሆኑን ሳያስተውሉ ፈርመው የሚያልፉ ወጣቶች መብዛታቸው ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ናሙናው የተበላሸበትን፣ ናሙናው ደህና ሆኖ መሣሪያው የሳተበትንም አይቻለሁ፤ ሁለቱንም የሚለየው ዓይንና አፍንጫውን ያሠለጠነ ሰው ነው። በምትሠሩበት ክፍል ብዙ ዘመን ያገለገለ ቴክኒሺያን ካለ፣ ዲግሪውን ሳትጠይቁ አጠገቡ ቁሙ፣ ምን ዓይቶ ናሙናውን እንደጣለ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በመዝገባችሁ ከቁጥሩ ጎን ጻፉት።