ሶፋውን ከፊት አንሡት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። የአንድ አማተር የቲያትር ክበብ አባል ነኝ። አሥራ አራት ነን። እስካሁን የሠራነው ሁሉ አሳዛኝ ድራማ ነው፤ ሰው አልቅሶ ነው የሚወጣው። ዘንድሮ ግን ሕዝቡ ልቡ ደክሟል፣ ትንሽ እናስቀው ብለን ሦስት ኮሜዲ ለማሳየት ወሰንን። የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ቀረበ። በልምምድ ጊዜ እኛው በሳቅ ስንፈርስ የነበረውን ቲያትር ሰው ዝም ብሎ አየው። የተሳቀው ከገጠር በመጣችው ሠራተኛ አነጋገር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ተነሥተው ወጡ። አሁን «ሁለቱን እንተዋቸውና ወደ ለቅሷችን እንመለስ» የሚሉ አሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትመለሱ። እኔም ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ የማይመጣ ሳቅ ስጠብቅ አምሽቼ አውቃለሁ። አፍ ይደርቃል። አዳራሹ በሙሉ የጠላህ ይመስልሃል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከድርሰቱ አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ስለ አዳራሹ ልጠይቅህ። ከፊት ለክብር እንግዶች ሶፋ ደርድራችሁ ነበር? በወጣትነቴ የምንሠራበት የቀበሌ አዳራሽ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር። ሶፋው ላይ ኃላፊዎችና ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ኃላፊ ሰው በአደባባይ ጥርሱን ማሳየት ይከብደዋል። ከኋላ ያለው ሕዝብ ደግሞ መድረኩን የሚያየው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። እነሱ ዝም ካሉ እሱም ሳቁን ይውጣል። አንድ ቀን ሶፋው ለሌላ ስብሰባ ተወሰደና ፊት ያለው አግዳሚ ላይ የሰፈር ልጆችና ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ተቀመጡ። ያው ቲያትር፣ ያው ተዋናይ። አዳራሹ ተናጋ! ከዚያ ወዲህ እንግዶቼን ጎን ላይ በክብር ነው የማስቀምጠው። ሰዉ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በር ላይ አንድ ልጅ መድቡ፤ ከፊትና ከመሃል ጀምሮ እያስጠጋ ያስቀምጥ። ሳቅ እንደ ማዛጋት ይጋባል። በሁለት ሰው መካከል አምስት ባዶ ወንበር ካለ ግን አይሻገርም።

«እኛው በሳቅ ስንፈርስ» ያልከው ነገር አሳስቦኛል። ኮሜዲ ውስጥ ያለው ሰው ጭንቅ ላይ ነው እኮ፤ ለእሱ ምኑም አያስቅም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ከሞልየር ወደ አማርኛ የመለሱትን «የፌዝ ዶክተር» አስብ። አንድ እንጨት ቆራጭ ሚስቱን ይመታል። እሷ ልትበቀለው «ይህ ሰው ትልቅ ሐኪም ነው፤ ካልተደበደበ ግን አያምንም» ብላ ለሚያልፉ ሰዎች ትናገራለች። ዱላው ሲበዛበት «አዎ፣ ሐኪም ነኝ» ይላል። ያን ዱላ የሚቀበለው ተዋናይ ከምሩ ካልፈራ፣ ከምሩ ካላመመው ምኑ ያስቃል? ዓይኑን እያጉረጠረጠ ወደ ሕዝቡ ከዞረ ሕዝቡ «ሳቁልኝ እያለ ነው» ይልና ይጨክናል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ልምምዱን እንደ አሳዛኝ ድራማ ሥሩት። እናንተ እኮ ይህን ታውቁበታላችሁ።

ሳቁ ሲመጣ ደግሞ ቦታ ስጡት። አንድ ጊዜ ቤት አከራይ ሆኜ ስሠራ፣ ተከራዩ ሲኒ ተሸክሞ ሲገባ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ ቸኩዬ «ቤቱ ተሽጧል» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። የቀረው ታሪክ በሙሉ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነበር፤ ሰው እስከ መጨረሻው ግራ ተጋብቶ ወጣ። ሳቁ ሲወጣ ዝም በሉ። መውረድ ሲጀምር ተናገሩ። ጨርሶ እስኪጠፋ ከጠበቃችሁ ግን ቲያትሩ ይቀዘቅዛል። ይህ ደግሞ እርስ በርስ በመለማመድ አይመጣም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልምምዶች ላይ ጎረቤት፣ አክስት፣ የሱቅ ልጅ ጥሩ፤ የት እንደሚስቁ ምልክት አድርጉ።

አሁን ልቤን ወደ ነካው ልምጣ። ወጥተው የሄዱት እናት። ፈልጋችሁ ብታነጋግሯቸው ደስ ይለኛል። ምናልባት እሳቸውም ሰው ቤት ሠርተው ነው ያደጉት። ምናልባት ልጃቸው ዛሬ ሰው ቤት ናት። ደሴ እኮ ቤተ ዘመዷ የወሎ ገጠር፣ ደላንታና ወረባቦ ነው፤ በዚያ አነጋገር የምታስቁት የራሳችሁን አያት ነው። ሰው በዚያ መሳቁን አልክድም። ርካሽ ሳቅ ነው፣ እኔ መድረክ ላይ አልፈልገውም። የአማርኛ ዘመናዊ ቲያትር ራሱ የጀመረው በኮሜዲ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ላይ ያናገሩት አውሬዎችን ነበር፤ የተነካው ግን ቤተ መንግሥቱ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መንግሥቱ ለማም «ያላቻ ጋብቻ» ላይ የሚያስቁን በዘር ኩራት ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ክብር አይነካም። እናንተም የሠራተኛዋን አነጋገር አታጥፉት፤ ደስ የሚል አነጋገር ነው። ግን ብልህ አድርጓት። እመቤቲቱ ስልክ ላይ ስትዋሽ ቡና እየቀዳች የምትሰማው እሷ ትሁን። የመጨረሻውን ቃል እሷ ትናገር። ያኔ እኚያ እናት ተመልሰው ቢመጡ የሚስቁት ከእሷ ጋር ነው።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። ጥር ላይ ቅዳሜና እሑድ ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ረመዳን መቼ እንደሚውል ማየት አለባችሁ። ሦስተኛውን ከግንቦት አታሳልፉት። አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲጀምር አንድ ቃል አይሰማም። ለቅሶ ባይሰማም ይታያል፤ የቀልድ ቃል ካልተሰማ ግን ሁሉም ነገር አለቀ።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ነው። እኛም የመንግሥቱ ለማን ኮሜዲ ልናሳይ ነው። መጽሐፉ በእጃችን አለ። ትኬቱ የሚሸጠው ለክበባችን ማጠናከሪያ ብቻ ነው። ፈቃድ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አዎ። መጽሐፉን መግዛት ማለት መድረክ ላይ ለማሳየት መብት መግዛት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም በሥራው የመጠቀምና መድረክ ላይ እንዲቀርብ የመፍቀድ መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ቁጠሩት። የመጽሐፉ አሳታሚ ዘንድ ጀምሩና ወራሾቻቸውን ጠይቁ። አማተር መሆናችሁን፣ ስንት ቀን እንደምታሳዩና ትኬቱ ስንት ብር እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉላቸው። ከእነሱ ጋር በግልጽ ካልተስማማችሁ አንድም ትዕይንት አትቁረጡ። ሲፈቀድላችሁም ፖስተሩ ላይ የደራሲውን ስም ከተዋንያኑ ስም በላይ አድርጉት።