ቆጣሪው ከመሰቀሉ በፊት «ማን ይጠየቃል?» በሉ

ውድ ወጣቶች፣

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ወይም ሶፍትዌር ተምራችሁ «ስማርት ግሪድ» የሚባል፣ ቆጣሪውንና መስመሩን በመረጃ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮጀክት ላይ የተቀጠራችሁ ወይም ልትቀጠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን በመስመርና በቆጣሪ ሥራ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት መሐንዲሶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ ዕቃው ነው፦ የቱ ቆጣሪ ይሻላል? መረጃው በሬዲዮ ይሂድ ወይስ በሲም ካርድ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን መልሱን ካታሎግ ላይ ታገኙታላችሁ። ካታሎግ ላይ የማይገኘው፣ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ለቀጣዩ ሲያስረክብ መሃል ላይ የሚወድቀው ነገር የማን እንደሆነ ነው። እኔ ያየኋቸው ሥራዎች ሲበላሹ የተበላሹት ርክክቡ ላይ ነው።

በአገራችን ባለድርሻው ብዙ ነው። ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ፖሊሲ ያወጣል፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል። ሕዝቡ ግን ዛሬም ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ነው የሚላቸው፤ መብራት የሄደበት ሰው መዋቅር አይጠይቅም። ንባቡን ራሱ ወደ ቢሮ የሚልከው ስማርት ቆጣሪ ሲመጣ ደግሞ ቴሌኮሙ፣ የውጭ አምራቹ፣ ገጣሚው ኮንትራክተር፣ ሶፍትዌር አቅራቢውና ክፍያ ተቀባዩ ባንክ ይጨመሩበታል። በማስጀመሪያው ዕለት ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ሲጠጡ ታገኟቸዋላችሁ። ችግር ሲመጣ ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ያን ዕለት ጠይቁ።

አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ብዙ ኃይል የሚወስድ ደንበኛ፣ ዱቄት ፋብሪካ እንበል፣ ከረንቱ በቀጥታ በቆጣሪው ውስጥ አያልፍም። መሃል ላይ ሲቲ የምንለው የከረንት ትራንስፎርመር ተቀምጦ አሳንሶ ይሰጠዋል። ሲቲው ላይ 200/5 ከተጻፈ፣ ማለትም 200 አምፒሩን ወደ 5 የሚያሳንስ ከሆነ፣ ቆጣሪው የሚያየው ከ40 አንድ እጁን ስለሆነ ቢል ሲሠራ ንባቡ በ40 ይባዛል። ፋብሪካው ማሽን ጨመረ። የጥገና ቡድን ሄዶ ሲቲውን በ400/5 ቀየረው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ብሎኑ ጠብቋል፣ ማኅተሙም ታስሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማባዣው 80 መሆን አለበት። ግን ቅጹ መኪና ውስጥ ቀረ፤ ወይም ቢሮ ደርሶ የሚመዘግበው ሠራተኛ ዓመት ፈቃድ ላይ ነበር፤ ወይም የቆጣሪው ሲስተም ውስጥ ገብቶ ከቢሉ ሲስተም ጋር ሳይናበብ ቀረ። ቆጣሪው በየ15 ደቂቃው ንባቡን ሳያዛንፍ ይልካል፣ ቢሉ ግን የግማሽ ነው። ደንበኛው አይጮህም፤ ረከሰልኝ ብሎ የሚጮህ የት አለ? ቆይቶ ሲደረስበት የሚመጣው የኋላ ሂሳብ ፋብሪካውን የሚያናጋ ይሆናል፤ ጣት መጠቋቆሙም ያኔ ይጀመራል። ቴክኒሺያኑ ሲቲውን በትክክል ቀይሯል። መዝጋቢው ያልደረሰውን ቅጽ ሊያስገባ አይችልም። ሶፍትዌሩ የሰጡትን ቁጥር አባዝቷል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ድሮ ይህን የሚይዘው ቆጣሪ አንባቢው ነበር። በየወሩ ግቢው ድረስ ስለሚሄድ ፋብሪካው መስፋቱን፣ አዲስ ሞተር መተከሉን፣ ማኅተም መበጠሱን፣ ከምሰሶው በድብቅ የተጠለፈ ሽቦን ያያል። ከሥራ መዘርዝሩ ላይ የተጻፈለት «ንባብ መውሰድ» ብቻ ነው፤ ሌላውን የሚሠራው ዓይን ስላለው ነው። ስማርት ቆጣሪ ንባቡን ይተካል እንጂ ዓይኑን አይተካም። ስለዚህ አንባቢው ከመንገድ ሲነሳ ሳይጻፍለት ይሠራው የነበረው ሁሉ ተዘርዝሮ ለማን እንደተላለፈ አረጋግጡ። ይህን የሚጠይቅ ሰው በስብሰባ ላይ እምብዛም አይወደድም፤ እናንተ ግን ጠይቁ።

ከሲቲው የባሰው ደግሞ «የትኛው ቤት ከየትኛው ትራንስፎርመር ላይ ነው?» የሚለው ነው። ስማርት ግሪድ የሚሰጠው ጥቅም አብዛኛው በዚህች መዝገብ ላይ የቆመ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቆጣሪዎች በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ሲስተሙ ፊውዝ መቃጠሉን ይገምታል፤ ደንበኛው ወደ ጥሪ ማዕከሉ፣ 905 ላይ፣ እስኪደውል አይጠበቅም። ከትራንስፎርመሩ የወጣው ኃይል ከቤቶቹ ንባብ ድምር ጋር ሲነጻጸር ብክነቱና ስርቆቱ ይታያል። በወረቀት ላይ እንዲህ ያምራል። አሁን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዝናብ እየመታው ምሰሶ ላይ የወጣውን የመስመር ሠራተኛ አስቡት። አንዱ ትራንስፎርመር ጫና በዝቶበታል፤ ሰፈሩ እንዳይጨልም ብሎ የተወሰኑ ቤቶችን ወደ ጎረቤቱ ትራንስፎርመር ያዞራቸዋል። ሰፈሩ አመሰገነው፣ እሱም ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሲስተሙ ላይ አንደኛው ትራንስፎርመር ከተቀበለው በላይ ኃይል የሸጠ ይመስላል፤ በሌላኛው ላይ ደግሞ ስርቆት አለ ተብሎ ንጹሕ ሰዎች በር ላይ ተቆጣጣሪ ይላካል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ኮምፒውተሩ «ይህ መስመር ተቋርጧል» ስላለው ያመነ ሌላ ሠራተኛ ኃይል ያለበትን ሽቦ መንካቱ ነው።

በሠራተኛው አትፍረዱ። በዚያ ሰዓት ለውጡን በአንድ ደቂቃ የሚመዘግብበት መንገድ ካልተዘጋጀለት ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሥርዓቱን የምትነድፉት እናንተ ከሆናችሁ ከመስመር ሠራተኞቹ ጋር ጥቂት ሌሊት ውጡ። የቱ ቅጽ በእርጥብ ጓንት እንደማይሞላ ያኔ ታውቃላችሁ።

ሌላው ጥያቄ ቆጣሪው የማን ነው የሚለው ነው። ጣሊያን ውስጥ ኤኔል የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 30 ሚሊዮን ያህል ቆጣሪ ቀይሯል። ገመዱም ቆጣሪውም መረጃውም በአንድ አከፋፋይ እጅ ነበር፤ መረጃው ራሱ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ተጉዞ ትራንስፎርመሩ ጋ ይሰበሰብ ነበር። ብሪታንያ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ቆጣሪ የመግጠሙን ኃላፊነት ለአከፋፋዩ ሳይሆን ኃይል ለሚቸረችሩት ኩባንያዎች ሰጠች። እነሱ ይወዳደራሉ፣ ደንበኛውም እንደፈለገ ይቀያይራቸዋል። የሁሉንም መረጃ የሚያስተላልፈው የጋራ ድርጅት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሚሊዮኖች ቆጣሪ ተገጥሞላቸዋል። ደንበኛው ኩባንያ ሲቀይር ከእነዚያ ብዙዎቹ ከአዲሱ ኩባንያ ጋር መነጋገር አልቻሉም፤ ሰውየው እንደ ድሮው ንባቡን በእጁ እየጻፈ ይልክ ጀመር። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ያልቃል የተባለውም ሥራ እስከ 2025 ተገፍቷል። መሐንዲሶቻቸው ከጣሊያኖቹ ያነሱ ስለሆኑ አይደለም። ግጠም የተባለው አንዱ፣ አገናኝ የተባለው ሌላው፣ ጊዜያቸውም ያልተናበበ ስለነበር ነው። ለእኛ ከሁለቱ የጣሊያኑ ይቀርበናል እላለሁ፤ አንድ አከፋፋይ ነው ያለን፣ ይህን ዕድል በኮንትራት ብዛት አንበትነው።

በነገራችን ላይ ሲም ካርድ ያለበት ቆጣሪ ስትገዙ ቴሌኮሙን ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ቆጣሪ ከአሥር ዓመት በላይ እንዲያገለግል ይታሰባል፤ የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ ግን ከዚያ በፊት ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ቆጣሪው ውስጥ ያለውን መረጃ ላኪ ሞደም የሚቀይረው በማን ኪስ እንደሆነ ውሉ ላይ ከሌለ መጨረሻው የደንበኛው ታሪፍ ላይ ነው የሚያርፈው።

መረጃውንም አቅልላችሁ አትዩት። በየ15 ደቂቃው የተመዘገበ ንባብ ሰዎቹ መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ ቤት ውስጥ እንደሌሉ ያሳያል። የኔዘርላንድ መንግሥት ቆጣሪውን ግዴታ አድርጎ እምቢ ያለውን በገንዘብ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ሊቀጣ ያሰበበት ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2009 ሴኔቱ ላይ ወደቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕጉ ያለፈው፣ ለሰው «አልፈልግም» የማለት መብት ተሰጥቶ ነው። እኛም ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። «ይህ የሕግ ክፍሉ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ዳታቤዙን ማን መክፈት እንደሚችል የሚወስነው ግን ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ነው።

ስለ ደህንነት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በዩክሬን በሦስት አከፋፋይ ኩባንያዎች የቁጥጥር ክፍል ውስጥ ኦፕሬተሮቹ ማውሱ በራሱ ሲንቀሳቀስ፣ ብሬከሮች፣ ማለትም የመስመር ማቋረጫዎቹ፣ ሲከፈቱና ኃይሉ ሲቋረጥ አዩ። 225 ሺህ ያህል ደንበኛ ጨለመበት። ሰርጎ ገቦቹ ከወራት በፊት ለሠራተኞች በተላከ ኢሜይል አባሪ ነበር የገቡት። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች በመኪና ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው ዘግተው መስመሩን ስላገናኙ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የድርሻውን ይሠራል፤ ያልታወቀ ኢሜይል አለመክፈት ግን የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ነው፤ በእጅ መዝጋት የሚችል ሰው እንዲኖር ማድረግ ደግሞ የሥራ አመራሩ። ሁሉም ነገር ከስክሪን የሚሠራ መስሏቸው ነባሮቹን ቴክኒሺያኖች በጊዜ የሚያሰናብቱ ኃላፊዎች ሲያጋጥሟችሁ ይህን የዩክሬን ነገር አንሱላቸው።

የመጨረሻው ከርቀት ማቋረጥ ነው። አዲሱ ቆጣሪ ውስጡ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ያልከፈለን ሰው ከቢሮ ሆኖ ማጥፋት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ተከራይ የተለመደ ነው። ተከራዮቹ ለአከራይዋ በአምፖልና በምጣድ ተተምኖ ይከፍላሉ። እሷ ካልከፈለች ግን የሚጠፋው በአምስቱም ነው፤ ከእነሱ መካከል ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠ ሊኖር ይችላል። ውሉም ብዙ ጊዜ በቀድሞው ባለቤት ወይም በሞቱ አባት ስም እንዳለ ነው፤ የማስጠንቀቂያው አጭር መልእክት የሚደርሰው ማንም ወደማያነሳው ስልክ ነው። ድሮ ሊያቋርጥ የመጣው ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ስለሚሰማ ሁለት ቀን ይታገሣል፤ ሶፍትዌር አይታገሥም። ስለዚህ ከርቀት ማቋረጥ ከመጀመሩ በፊት ቤት ለቤት ተሂዶ በዚያ ቆጣሪ ላይ ማን ማን እንደሚኖር፣ ስልካቸው ስንት እንደሆነ፣ የታመመ ሰው እንዳለ ይመዝገብ፤ የማቋረጫውን ትእዛዝ የሚፈርመውም በስም የታወቀ አንድ ሰው ይሁን። ለዚህ ምዝገባ በጀት የያዘ ፕሮጀክት ያየሁት ጥቂት ነው። የእናንተ ሰነድ ውስጥ ከሌለ ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት አስገቡት።