ወላጅ መርሳት ሲጀምር፦ የዘር መመርመሪያ ኪት ከማዘዛችሁ በፊት

እናት ወይም አባት ነገር መርሳት ሲጀምሩ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ነገር ይሮጣሉ፤ ምራቅ ተልኮ ዘር የሚነበብበትን ኪት ያዝዛሉ፣ «ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ያጠፋል» የተባለ ኪኒንም ይገዛሉ። መነሻቸው እውነት ነው፤ በአልዛይመር ላይ ዘርም ብግነትም ድርሻ አላቸው። የሚሳሳቱት እርምጃው ላይ ነው።

ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርደውና ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት የሚጀምረው ዓይነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ኪቱ የሚያሳየው ሌላውን ነው፤ አፖኢ የሚባለውን ዘረ መል። ከእናትም ከአባትም አንዳንድ ቅጂ እንወርሳለን፤ ቅጂው ባለ 2፣ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ይሆናል። ባለ 4 አደጋውን ይጨምራል፤ ሆኖም እሱን ይዘው በጤና የሚያረጁ አሉ፣ ሳይኖራቸው የሚታመሙም አሉ። ደግሞም «አደጋው ይህን ያህል እጥፍ ይሆናል» የሚለው ስሌት በአብዛኛው የተገኘው ከአውሮፓ ዝርያዎች ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የባለ 4 ጫና አነስ እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ይዛችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ዘርና ብግነት የሚገናኙት ማይክሮግሊያ በሚባሉት የአንጎል ጠባቂ ሴሎች ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች በአንጎል የተከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ከብበው ያጸዳሉ፤ ትሬም 2 የተባለው ዘረ መል ጉድለት ሲኖርበት ይህ ሥራ ይደክማል። ለዓመታት ተቆጥተው ሲቆዩ ደግሞ የሚረጩት ንጥረ ነገር ጤነኛውን ነርቭ ይጎዳል። ያው ሴል ጠቃሚም ጎጂም ስለሚሆን ብግነቱን በጅምላ ማፈን መፍትሔ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው አዳፕት የተባለ ጥናት ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ የተባሉ ብግነት የሚያፍኑ መድኃኒቶችን በአረጋውያን ላይ ሞክሮ ነበር፤ በ2004 መድኃኒቱን መስጠት ቆመ፣ መከላከያነታቸውም አልተረጋገጠም። የእነዚህ ዓይነት የሆነውን አይቡፕሮፌንን በየቀኑ መዋጥ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ደግሞ ራሱ ወደ መርሳት በሽታ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ነው። የእርድ እንክብልም ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ አለው፤ ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ግን አያስፈራም።

በእጃችሁ ያለው ትልቁ መሣሪያ ግፊት መለኪያው ነው። ጠዋት ከቡና በፊት፣ 5 ደቂቃ በጸጥታ ከተቀመጡ በኋላ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ ክንድ በልብ ከፍታ ሆኖ ይለካ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ማታም እንዲሁ፣ ለ7 ቀን ተለክቶ ወረቀቱ ለሐኪም ይሰጥ። ከአገር ቤት የሚላከው ሽሮና በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚገባበት ወጡ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሩ። ስኳርና ኮሌስትሮልም ይታዩ፤ መስማት ለደከመ ደግሞ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ አይዘግይ።

ሐኪሙን ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁት፤ የቢ12 እጥረትም የታይሮይድ መዛባትም ሊታከም የሚችል መርሳት ያመጣሉ። ለእንቅልፍ የሚወሰዱ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው ኪኒኖችም አረጋውያንን ያደናግራሉ። መርሳቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ግን አልዛይመር ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳምባ ምች ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

የማስታወስ ፈተናው ላይ የእኛ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ነጥብ ያጣሉ። «ዘመኑ ስንት ነው?» ሲባሉ በእኛ አቆጣጠር ይመልሳሉ፤ ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ ስህተት ተብሎ ይመዘገባል። ሰዓት ሣሉ ሲባልም እንዲሁ ነው። የታወቀው ፈተና በፈረንጆቹ ሰዓት 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲሣል ያዝዛል፤ አስተርጓሚው «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ካለ እማማ በለመዱት አሠራር አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። «አምስት ሰዓት ከአሥር» ማለት ነበረበት። ይህን ለመርማሪው ቀድማችሁ ንገሩ። ልጅ አያስተርጉም፤ ሳያውቅ ፍንጭ ይሰጣል፣ መልስ ያሳምራል። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ባለሙያ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ከሆነ ሩዳስ የተባለው ፈተና እንዲሰጣቸው ጠይቁ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ለልዩ ልዩ ባህልና ቋንቋ ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው።

የአፖኢ ምርመራ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሐኪሙ ሌካኔማብ የተባለውን፣ አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዳ የአልዛይመር መድኃኒት ለመጀመር ሲያስብ ነው። ሁለት ባለ 4 ቅጂ ያላቸው ሰዎች በዚህ መድኃኒት የአንጎል እብጠትና መድማት በብዛት ይገጥማቸዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ ይታወቅ። ከዚህ ውጭ ለራሳችሁ መመርመር ከፈለጋችሁ በመጀመሪያ የዘር አማካሪ አነጋግሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጤና መድንና በሥራ ቅጥር በኩል ይጠብቃችኋል፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ግን አይሸፍንም። ወንድምና እህትንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ባለ 4 ከተገኘባችሁ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነውና፣ ውጤቱ ስለ እነሱም መናገሩ አይቀርም።