የድሮ የ8 ሚሊ ፊልም (ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ፣ በጥቅል ያለ የቤተሰብ ፊልም) ቤታችሁ ያለ ጠይቁኝ፣ ማታውን አለሁ

ጥያቄ፦ የአባባ የሰርግ ፊልም ቁምሳጥን ላይ በቆርቆሮ ተገኘ፣ ስከፍተው አቼቶ አቼቶ ይሸታል። አለቀለት?

መልስ፦ አላለቀለትም ግን አትዘናጋ። ፊልሙ የተሰራበት አሴቴት የሚሉት ፕላስቲክ ሲበላሽ አሲድ ያወጣል፣ ያው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፣ እና ቆርቆሮው ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ብልሽቱን ራሱ ያፋጥነዋል፣ ዝገት ካለበትማ ይብሳል። ከቆርቆሮው አውጥተህ አየር የሚያገኝ ካርቶን ውስጥ አድርገው፣ ከሌሎቹ ጥቅሎች አርቀው ምክንያቱም የሚያወጣው የአሲድ ትነት ጤነኞቹንም ይጎዳል። ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ፈልግለት፣ ኮርኒስ ላይ እንዳትሰቅለው፣ ቀን ቀን ጣሪያው ሲግል ምን እንደሚሆን አስበው። የተበላሸው አይመለስም፣ ማዘግየት ነው የሚቻለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ስካን አስደርግ፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተር ፋይል አስገልብጠው።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ፕሮጀክተር አለ፣ እሁድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ብናየውስ?

መልስ፦ እህቴ በናትሽ ተይው። አሮጌ ፊልም ይኮማተራል፣ ቀዳዳዎቹ የፕሮጀክተሩ ጥርስ ላይ አይገጥሙም፣ ይቀደዳል። አንድ ቦታ ቆሞ ከቀረማ አምፖሉ ያቀልጠዋል፣ ግድግዳው ላይ ቡናማ ነገር እየሰፋ ሲሄድ ታያላችሁ፣ የሙሽሪት ፊት ነው እንግዲህ እሱ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። መቼ እንደተቀረጸ በምን ይታወቃል? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቀለል አድርገህ ንገረኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹን ይዩ። ትንንሽ ሆነው በየምስሉ መሃል ትይዩ ከሆኑ ሱፐር 8 የሚሉት አዲሱ የ8 ሚሊ ዓይነት ነው፣ እሱ ደግሞ በፈረንጆቹ 1965 ነው የወጣው፣ ከዛ በፊት ሊሆን አይችልም። ትልልቅና በሁለት ምስል መሃል ከሆኑ የድሮው 8 ሚሊ ነው። ኮዳክ ከሆነ ጠርዙ ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሶስት ማዕዘን የመሳሰሉ ምልክቶች አሉ፣ በአጉሊ መነጽር ይታያሉ፣ ፊልሙ ፋብሪካ የተመረተበትን ዓመት ነው የሚያሳዩት። ግን በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገሙ ከልብሱና ከመኪናው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሻጋታ ይዞታል፣ በውሃ ልጠበው?

መልስ፦ ኧረ ውሃ በጭራሽ! ምስሉን የያዘው ጄላቲን ነው፣ ሻጋታው አለስልሶታል፣ ውሃ ሲነካው ምስሉ አብሮ ይሄዳል። የፋርማሲ አልኮልም ውሃ አለበት። አድርቀህ ለሚያውቅ ሰው ስጥ።

ጥያቄ፦ ስካን ካስደረግኩ በኋላ ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው። ስካኑ የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ ሳይነግርህ ነው የሚሞተው። ደግሞ ለስካን ከመስጠትህ በፊት ፍሬም በፍሬም (እያንዳንዱን ምስል ለብቻው) ነው ወይስ ግድግዳ ላይ አብርተው በካሜራ ነው የሚቀርጹት ብለህ ጠይቅ፣ ሁለተኛው ከሆነ ፊልምህን ይዘህ ውጣ።