የድሮ የህንድ ወጥ ቤት የእንጨት ዕቃዎችን ለጌጥ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እነዚህን ዕቃዎች ለዓመታት ስሰበስብ ቆይቻለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የመጡትን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከማሳላ ዳባ ጀምሪ እህቴ። የቅመም ሣጥን ነው፤ ውስጡ ለእርድ፣ ለከሙን፣ ለበርበሬ እየተባለ ተከፋፍሏል። ክዳኑን ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥሽው ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። የእርድ ቢጫ ከቀረበት አትጠቢው፤ እኔ ዕቃውን የምወደው ለሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኮኮናት መፋቂያ ገዛሁ። ግድግዳ ላይ ልስቀለው?

መልስ፦ አትስቀለው። ኬረላ ውስጥ ቺራቫ ይሉታል። ሰው እንጨቱ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ በወጣው ጥርሳም ብረት ላይ ግማሹን ኮኮናት እያዞረ ይፍቃል። መቀመጫ ነውና ወለል ላይ ነው የሚያምረው። ልጆች ካሉ ግን ብረቱን በወፍራም ቆዳ ሸፍነው።

ጥያቄ፦ ዕቃው ሸካራ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ እባክህ ተው! ፑንጃብ ውስጥ ቅቤ የሚወጣበትን ማድሃኒ ተመልከት። ዘንጉ ላይ ገመድ ጠምጥመው ግራና ቀኝ እየሳቡ ነው የሚንጡት፤ ገመዱ ከዓመት ዓመት ሲሻሸው እንጨቱ ይጎደጉዳል፣ ያ ጉድጓድ ደግሞ አንዲት ሴት ስንት ጠዋት ተነስታ እንደናጠች የሚነግርህ ነው፣ አንተ በአንድ ከሰዓት ፍቀህ ልታጠፋው ነው። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፍ፣ ሰም በስሱ ቀባ፣ በቃ። የምግብ ዘይት አትቀባ፤ ይሸታል፣ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ትናንሽ ቀዳዳዎችና ብናኝ አየሁበት።

መልስ፦ ብናኙ አዲስ ከሆነ ነቀዙ በሕይወት አለ። በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ቅዝቃዜው ሳይለቀው ፕላስቲኩን አትክፈቱ፤ እርጥበት ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ምግብ ላቅርብበት?

መልስ፦ አይሆንም። ምን እንደተቀባ አናውቅም።

ጥያቄ፦ ሻጩ «150 ዓመት ሆኖታል» አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጆድፑር በምትባለው የህንድ ከተማ ውስጥ አዲሱን አሮጌ አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። በአገልግሎት ያለቀበትን ቦታ እይ፤ የሮቲ (የህንድ ቂጣ) መዳመጫ ከሆነ እጅ የሚይዝበት ነው መለስለስ ያለበት፣ ሁሉም ቦታ እኩል ካረጀ እኔ አልገዛውም። ደግሞም በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው የህንድ ሕግ 100 ዓመት የሞላውን ቅርስ ግለሰብ ከአገር ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ከህንድ መቼና እንዴት እንደወጣ ጠይቀው። አህመዳባድ የመሄድ ዕድል ካገኘህ ቬቻር የሚባለውን የቤት ዕቃ ሙዚየም ጎብኝ፤ እዚያ ዓይንህ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ የህንዱን ሙቀጫ ከእናቴ ሙቀጫ ጎን ባስቀምጠው ይሄዳል?

መልስ፦ በጣም እንጂ! ህንዶች ኦክሊና ሙሳል የሚሉት ያው ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የእናትሽን ግን ከፊት አድርጊው።