የባርኮዱን የመጨረሻ አሃዝ በአንድ ከፍ ማድረግ ይቻላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጣጣ ነው ትዝ ያለኝ። «የትንሹ እሽግ ባርኮድ አለኝ፣ ለትልቁ የመጨረሻዋን ቁጥር በአንድ ብጨምር ይሆናል?» ብለሻል። አይሆንም። ዲዛይነርሽ «ችግር የለውም» ቢልሽም እንዳትሰሚው።

1. ከ13ቱ አሃዞች የመጨረሻዋ የእቃሽ ቁጥር አይደለችም፤ ከፊቷ ካሉት 12 በስሌት የምትወጣ መቆጣጠሪያ ናት። የእቃው መለያ ከእሷ በፊት ነው፣ ከዚያ ወደ ግራ ለድርጅትሽ የተሰጠው ቁጥር አለ። የድርጅቱ ቁጥር በረዘመ መጠን ለእቃ የሚተርፈው አሃዝ ያንሳል፤ ብዙ ዓይነት ምርት ካሰብሽ ስትመዘገቢ ቀድመሽ ተናገሪ።

2. ስሌቱ ቀላል ነው። ከግራ ጀምረሽ አንዱን በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያፈራረቅሽ አባዢና ደምሪ። ወደሚቀጥለው አስር ለመድረስ የጎደለው መቆጣጠሪያሽ ነው። ለናሙና ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን 5901234123457 ውሰጂ፦ የ12ቱ ድምር 83 ነው፣ 90 ለመሙላት 7 ይጎድላል። ቀጣዩ እቃ 590123412346 ሲሆን ድምሩ 86 ይሆናል፤ ስለዚህ ትክክለኛው 5901234123464 እንጂ በ58 የሚያልቅ አይደለም።

የእኛ ማተሚያ ቤት ግን የሠራው ይህንኑ ነው። ያውም ዲዛይነሩ የትንሹን መስመሮች እንዳሉ ገልብጦ ከስር የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው የቀየረው! ስካነር የሚያነበው መስመሩን ነው፣ ጽሑፉን አይደለም። ትልቁ እሽግ ካሸር ጋ በደረሰ ቁጥር በትንሹ ዋጋ ይመታ ነበር። ካሸሯ ተጠራጥራ ከስር የተጻፈውን ቁጥር በእጇ ስታስገባ ደግሞ መቆጣጠሪያዋ አሃዝ ስላልገጠመች ማሽኑ አልቀበልም አለ። የመደብሩ እቃ ተረካቢ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ስታጭበረብሩን ነበር» አለኝ። ማተሚያ ቤቱ በበኩሉ «የላካችሁልንን ነው ያተምነው» ብሎ ድርቅ። ያኔ ፊታቸው ቁጭ ብዬ በስልኬ አባዝቼ፣ ደምሬ፣ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የሂሳብ ሰው አይደለሁም፣ ግን ዲዛይነሩ የሚመልሰው አጣ። በራሳቸው ወጪ ደግመው አተሙ። ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

3. የፊተኞቹ 3 አሃዞች እቃው የተመረተበትን አገር ያሳያሉ የሚሉሽን ተያቸው። 590 ማለት ቁጥሩን የሰጠው ፖላንድ ያለው የጂኤስ ዋን (የባርኮድ ቁጥር የሚያድለው ዓለም አቀፍ ተቋም) ድርጅት ነው ማለት ነው፤ እቃው ሌላ አገር ሊመረት ይችላል። ከ20 እስከ 29 የሚጀምሩት ደግሞ ሱቆች ለውስጥ ሥራቸው የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ ለምርትሽ አይሆኑሽም።

4. ካርቶን ላይ 14 አሃዝ ከተጠየቅሽ፣ ከፊት 1 ጨምረሽ የድሮዋን መጨረሻ እንዳለች አትተዪ። እንደገና ይሰላል፤ አሁን ግን ማባዛቱ ከ3 ይጀምራል። የላይኛው የመጀመሪያ ናሙና፣ 5901234123457፣ በ14 አሃዝ 15901234123454 ይሆናል። ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ ስታስቀምጪ ደግሞ ሴሉን አስቀድመሽ ጽሑፍ አድርጊው፣ ያለዚያ በዜሮ የሚጀምረውን ዜሮውን ይበላብሻል።

ማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲልክልሽ ወረቀት ላይ አትመሽ በስልክሽ ስካን አድርጊው። የሚመጣልሽን ቁጥር ከስር ከተጻፈው ጋር አሃዝ በአሃዝ ሳታመሳክሪ እንዳትፈርሚ።